ኮረብታው ላይ ቅበሩኝ

ኦርፋ ፔቲግሩ አባቷ እያጣጣረ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው "እውነቱን ነው ወይስ እንደ ዓምናው?" ብላ ነበር። ዓምና በጥጥ ለቀማ ሰሞን እንዲሁ ልሞት ነው ብሎ አስጠርቷት፣ ተማሪዎቿን በትና ጭቃውን እየዘለለች ብትደርስ፣ ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ሲፈለፍል አገኘችው። "ትመጪ እንደሆን ልይ ብዬ ነው" አላት ቀና እንኳ ሳይል። "መጣሽ፤ ግን ዘግይተሽ ነው የመጣሽው።"

ዘንድሮ መልእክቱን ይዞ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ክሎቪስ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመና "እውነቱን ነው እህቴ። ትናንት ለበቅሎዋ ድርቆሽ ስጡ ማለት ረሳ" አላት። ይህን ስትሰማ አመነች። አሳ ፔቲግሩ ልጆቹን ሊረሳ ይችላል፤ በቅሎዋን ግን ረስቷት አያውቅም።

ኦርፋ የምታስተምረው ኮተር ቤንድ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር፣ ድሮ ጥጥ ይዳመጥበት በነበረ ያረጀ መጋዘን ነው። ወንዙ በሞላ ቁጥር ውሃው በወለሉ ስንጥቅ ይገባና ልጆቹ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ሰቅለው ይማራሉ። ክረምቱን ሙሉ ሳል ብቻ ነው የሚሰማው። የአውራጃው የትምህርት ቦርድ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ካገኛችሁ አዲስ ትምህርት ቤት እንሠራላችኋለን ካለ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ረግረግ ውስጥ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የፔቲግሩዎች ኮረብታ።

ኮረብታው በእውነቱ የአሳ አልነበረም። ሟች ሚስቱ ሉዌላ ከአባቷ የወረሰችው ነው። ሉዌላ ልትሞት ስትል በሰው ፊት "ለልጆቹ መማሪያ ይሁን" ብላለች። ሕጉ ግን ባልየው በሕይወት እስካለ ይዞት እንዲቆይ፣ ከእሱ በኋላ ለልጆቿ እንዲያልፍ ነው የሚያዘው። አሳ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም አይችልም። መከልከል ብቻ ነው የሚችለው፤ መከልከል ደግሞ ከተፈጥሮ የተሰጠው ሙያው ነበር። አንዲት ዓይነ ስውር በቅሎ አሰማራበትና የቦርዱ ሰዎች በመጡ ቁጥር "እሷ ታዲያ የት ትሂድ?" እያለ መለሳቸው።

ኦርፋ ቤት ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ጠረጴዛው በተጠበሰ ዶሮ፣ በበቆሎ ዳቦና በድንች ጥፍጥፍ ተሞልቷል። እዚያ አገር ሰው ታሞ ሳለ አንድ ሲኒ ሾርባ የሚያመጣለት የለም፤ ሊሞት ነው ከተባለ ግን ሁሉም ሳህን ይዞ ይመጣል። ሴቶቹ መጀመሪያ ጫማዋን፣ ቀጥሎ ቀለበት የሌለበትን ጣቷን አዩ።

"ምነው ኦርፋ፣ እንዲህ ከሳሽ?" አለቻት አንዷ። "መጽሐፍ አይበላ ነገር።"

"አይበላም፤ ግን አፍ ያዘጋል" አለቻትና ወደ መኝታ ቤቱ አለፈች።

አሳ ፔቲግሩ በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሰውነቱ አልቆ አፍንጫውና ቅንድቡ ብቻ ነው የቀረው፤ ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ነው።

"መጣሽ?"

"መጣሁ።"

"መነጽር አድርገሻል።"

"ዓይኔ ደክሞ ነው።"

"ድስቱን ሳታጥቢ ጥለሽ በጠፋሽ ቀን ዓይንሽ ደህና ነበር። መንገዱን ሳትስቺ ነው የሄድሽው።"

ያ ቀን ካለፈ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አክስቷ ቨርቢና፣ የእናቷ እህት፣ ነበረች በጋሪ ከተማ ወስዳ የመምህራን ትምህርት ቤት ያስገባቻት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በተገናኙ ቁጥር ወሬው የሚጀምረው ከዚያው ድስት ነው። ኦርፋ አንዳንዴ ታስበዋለች፤ ይህ ሰው ሚስቱን ቀብሯል፣ በጎርፍ ሰብሉን አጥቷል፣ ቂም ይዞ የቀረው ግን በአንድ ድስት ነው። ሲያስቃት ኖሯል። አሁንም ሊያስቃት ዳር ዳር አለ።

"ሰዎቹን ጥሪልኝ" አላት። ክሎቪስ፣ ፓስተር ሃስከልና አክስት ቨርቢና ገቡ፤ ሌላው ሕዝብ በሩ ላይ ተደራርቦ ቆመ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኮረብታው ላይ ቅበሩኝ" አለ። "ዳር ላይ አይደለም። ከመሃል።"

ፓስተሩ ፈገግ አለ። "ወንድም አሳ፣ ሉዌላ እኮ ያለችው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ከጎኗ ቦታ ተትቶልዎታል።"

"ከጎኗ ሠላሳ ዓመት ተኛሁ። ይበቃኛል።"

በሩ ላይ የቆሙት አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ቨርቢና አልሳቀችም። ኦርፋ ግን ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። ቦርዱ መቃብር ባለበት ቦታ አንዲት ምሰሶ አይተክልም፤ ይህን ደግሞ አባቷ ከማንም በላይ ያውቃል።

"አባባ፣ ትምህርት ቤቱ እንዳይሠራ ብለህ ነው።"

"ጎበዝ። ይህን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?"

"በቁምህ ከለከልክ፤ አሁን ሞተህም ልትከለክል ነው?"

"በቁሜማ ምን ከለከልኩ? ወጥቼ እውላለሁ፣ ታምሜ እተኛለሁ፣ ዘወር ስል ሰው አጥሬን ይነቀንቃል። ሰው መሬት የሚይዘው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሳኛል?"

"እማማ እኮ ለልጆቹ ነው የሰጠችው!"

"እናትሽ መስጠት ትወድ ነበር። አንቺንም ለትምህርት ቤት ሰጠች።" ትንፋሽ አጠረውና ቆየ። "ቤት ማለት ምን መሰለሽ? ሰው ተቀምጦ አፉን የሚይዝበት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚያ መውጫ ቀዳዳ ነው። አንድ ልጄ በዚያ ቀዳዳ ወጣች፤ ጫማና ምላስ ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛ አይለመደኝም። የእኔም አይወጣ፣ የሰውም አይወጣ።"

"እኔ ይህን አላደርግም። አሁኑኑ እወቀው።"

"ማን አንቺን ለመነ? ክሎቪስ! መጽሐፉን አንሳ።"

ክሎቪስ መጽሐፍ ቅዱሱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ነው አባቱ ከትምህርት ያስቀረው፤ ሽፋኑን ገልብጦ እንደያዘው እንኳ አላወቀም። ኦርፋ አየችው። ጢም ያበቀለ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ ፊት እንደ ልጅ ሲታዘዝ አየችና ከአባቷ ይልቅ እሱን ናቀችው። አባቷ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል።

"ኮረብታው መሃል እንደምትቀብረኝ ማል።"

"እምላለሁ አባባ።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተ። ኦርፋ ቡና በማንኪያ እያቀመሰችው ነበር። አንዴ ዋጠ፣ ፊቱን አጨፈገገ፣ "ቀዝቅዟል" አለ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ፓስተር ሃስከል ግን ኮረብታው ላይ ቆሞ "ታላቁ አባታችን የመጨረሻ ቃላቸው 'ቀዝቅዟል' የሚል ነበር። ወደ ዘላለም ቤት የሚያሻግረው የዮርዳኖስ ውሃ እግራቸውን ሲነካው ተሰምቷቸው ነው" ብሎ ሰበከ። ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። ቀጠለና ቤት ወዳድ አባት፣ ለልጆቻቸው የኖሩ፣ እንግዳ ተቀባይ አላቸው። አሳ ፔቲግሩ እንግዳ የተቀበለው በጠመንጃ እንደነበር እዚያ ከቆመው ሰው ያላየ አልነበረም። አንዱ የሽማግሌው አጥር እግሩን የቀደደው ነው፤ ሌላው ውሃ ልቅዳ ብሎ የተባረረ ነው። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ "አሜን" ይላል። ኦርፋ በአፍንጫዋ ሳቀች። አጠገቧ የነበረችው ሴት ያለቀሰች መስሏት መሐረብ ሰጠቻት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ የቦርዱ ሰው መጣ። ኮረብታውን ዞረ፣ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ከመሃል ነው ያደረጋችሁት?"

"እሱ ነው ያደረገው" አለች ኦርፋ።

"ይቅርታ ወይዘሪት ፔቲግሩ። ሰው ያረፈበት ላይ አንሠራም። ሌላ ቦታ ፈልጉ።"

"ሌላ ቦታ እንደሌለ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ" አለና ባርኔጣውን መልሶ አድርጎ ወረደ።

ኦርፋ እዚያው ቆማ ቀረች። በቅሎዋ አዲሱን አፈር እያሸተተች ዞረችው፤ ሣር ስታጣበት ትታው ሄደች። ኦርፋ እንባ አልመጣላትም። የመጣላት ንዴት ነበር፤ ንዴቱም ደግሞ ለሞተው ሳይሆን ባርኔጣቸውን እያወለቁ ለሚያልፉት ሁሉ። አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ በክፋት ኖሮ ሲሞት አንድ ሜትር ተኩል አፈር ስላለበሱት ብቻ የተከበረ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚከራከረው አይገኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ክሎቪስ ቤት ስትደርስ ቤተሰቡ ለእራት ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ዴሊያ ባቄላና የአሳማ ሥጋ አቅርባለች፤ ሦስቱ ሴቶች ልጆቻቸው ተራ በተራ ያስላሉ። ኦርፋ ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ክሎቪስ፣ ምን ብለህ ነው የማልከው?"

"አንቺም ነበርሽ እኮ።"

"ንገረኝ።"

"ኮረብታው መሃል እንድቀብረው።"

"ቀበርከው?"

"ቀበርኩት።"

"እንግዲህ መሐላህን ፈጽመሃል። እዚያ ላቆይህ ብለህ ግን ምለሃል?"

ክሎቪስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዴሊያ እህቱንና ባሏን አፈራርቃ አየች።

"ምን ልትይ ነው?"

"ይውጣ ነው የምለው። ዳኛውን ጠይቄያለሁ፤ ሁለታችን ከተስማማን የሚከለክለን የለም።"

"አባታችንን እንደ ድንች ልትቆፍሪው?"

"ድንች እንኳ ይበላል።"

"አንቺ ሰው አይደለሽም!" አለ ክሎቪስ። "ያሳደገሽ ሰው ነው። የተኛሽበትን ቤት በእጁ ነው የሠራው።"

"ሠርቶታል። በሩን በውጭ በኩል የሚቆለፍ አድርጎ ነው የሠራው። አንተ ውስጥ ስለቀረህ አላየኸውም። ኮረብታው ግማሹ ያንተ ነው፤ ሬሳውም ግማሹ ያንተ ነው። እምቢ ካልክ እምቢ በለኝና ልሂድ፤ ግን እሱ ያልተማርክ አድርጎ አስቀረህ፣ አንተ ደግሞ ልጆችህን ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ታስተምራለህ። እሱ ቢያንስ ክፉ ነበር። አንተ ምንድን ነህ?"

ክሎቪስ ፊቱ ደም መሰለ። ሊነሳ ሲል ትንሿ ልጅ ሳል ያዛት፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳለች። ዴሊያ ጀርባዋን እያሸች ቆየችና ቀና ሳትል ተናገረች።

"ክሎቪስ፣ እኔ እናትህም እህትህም አይደለሁም፤ በእናንተ ነገር አልገባም። ግን ይህችን ልጅ ሌላ ክረምት እዚያ መጋዘን አልልክም። ወይ ትምህርት ቤቱ ይሠራ፣ ወይ ደግሞ እንደ አንተ ትቅር። አንዱን ምረጥ።"

ክሎቪስ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ኦርፋ በጠራራ ፀሐይ አካፋ ይዛ ኮረብታውን ወጣች። መደበቅ አልፈለገችም። ሰው ጋሪውን እያቆመ ከመንገዱ ያያታል፤ ሴቶች ሽርጣቸውን እያራገፉ በረንዳ ላይ ቆመዋል። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ቆፈረች። መዳፏ ተላጠ፤ አፈሩ የወረወረችውን ያህል ተመልሶ ይንሸራተታል። ጉድጓዱ ጉልበቷን ሳያልፍ ክሎቪስ ከበስተኋላዋ ደረሰ። በቅሎ የተጠመደ ጋሪ ይዟል።

"ስጪኝ" አላት።

"ልትከለክለኝ ነው?"

"አካፋውን ስጪኝ ነው የምልሽ። እንዲህ እየጫርሽ እስከ ገና አትጨርሺም።"

ሳይነጋገሩ ቆፈሩ። ሳጥኑን በገመድ ጎትተው ሲያወጡ ክሎቪስ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰማችው፤ እየደጋገመ "ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ አባባ" ይላል። ኦርፋ ግን ሳጥኑ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው የደነቃት። ይህን ያህል ዓመት የፈሩት ሰው ለሁለት ሰው ሸክም እንኳ አልሞላም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ፓስተሩ ባልተደሰተ ፊት በሩን ከፈተላቸው። ሉዌላ መቃብር ጋ ግን አክስት ቨርቢና እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች።

"እዚህ አይገባም" አለች።

"አክስቴ፣ ቦታው እኮ የእሱ ነው" አለች ኦርፋ።

"እሱ ራሱ አልፈልግም ብሏል። በሰው ፊት ነው ያለው። በሕይወቱ አንድ ደግ ቃል ቢናገር ያችኑ ነው።"

"የት ላድርገው ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቄ? አንቺ ነሽ ያወጣሽው።" አሮጊቷ ቀረበቻት። "ስሚኝ ኦርፋ። እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሱን ሳል፣ የእሱን ስድብ፣ የእሱን ኮቴ ስታዳምጥ ኖረች። አሁን ነው ዝም ያለላት። አንቺ ለትምህርት ቤትሽ ብለሽ ይህን ሰውዬ መልሰሽ ልታስታቅፊያት ነው? መሬቷን ወሰድሽ፣ ይሁን፣ ሰጥታሻለች። ዕረፍቷን ግን አልሰጠችሽም።"

ኦርፋ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አባቷን ከየት እንደምታወጣው እንጂ የት እንደምታስገባው አላሰበችም ነበር። እናቷንም አላሰበቻትም። እናቷ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ለእሷ ኮረብታ ብቻ ነበረች።

ግቢውን በዓይኗ ዞረችው። ከመንገዱ በኩል፣ አጥሩ ጥግ፣ ወንዙ አንድ ጊዜ ያመጣው ስሙ የማይታወቅ ተጓዥ ነጋዴ የተቀበረበት ቦታ አለ።

"እዚያ ይሁን" አለች።

"ከማይታወቅ ሰው ጋር?" አለ ክሎቪስ።

"የማያውቀው ሰው ይሻለዋል። የሚያውቁት ሁሉ እምቢ ብለውታል።"

ክሎቪስ ጉድጓዱን ብቻውን ቆፈረ። ልትረዳው ስትል በክርኑ ገፋት። አፈሩን መልሶ ከደለደለ በኋላ አካፋውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ኦርፋ ጋሪው አጠገብ ሆና ስታየው ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። አባታቸው ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ወደ ውጭ ይወጣ ነበር እንጂ ማንም ወደ እሱ አይሄድም። እሷም አልሄደችም። ሲጨርስ ጋሪውን እየነዳ ጥሏት ሄደ፤ በእግሯ ተመለሰች።

ትምህርት ቤቱ ያንኑ መከር ተሠራ። ጣውላው ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ መዶሻ ይዞ ወጣ፤ "ሬሳ አውጪዋ" እያሉ በየበረንዳው ሲያሟት የከረሙት ሳይቀሩ። ክሎቪስም መጣ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ምስማሩን ሁሉ መታ፣ ከእሷ ጋር ግን አንዲት ቃል አልተነጋገረም። ምሳ ስታቀርብላቸው ሳህኑን ከዴሊያ እጅ ነው የተቀበለው። ሦስቱም ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ከፊት አግዳሚ ተቀመጡ። ልጆቻቸውን እየላኩ ሰላምታ የሚነፍጓት ወላጆች ብዙ ነበሩ፤ ኦርፋ ግን ደንታም አልነበራት። ሰላምታቸውን ቢነፍጓትም ልጆቻቸውንማ ይዛለች።

ከቤቷ ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። በየጠዋቱ በዚያ ታልፋለች፤ አንድም ቀን አንገቷን አዙራ አታውቅም። አንድ ሰኞ፣ ውርጭ በጣለበት ጠዋት፣ ክሎቪስ ከአባታቸው መቃብር ላይ አረም ሲያጭድ ደረሰች። ቀጥ ብላ ልታልፍ ስትል ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራት።

"ኦርፋ! እንደምን አደርክ እንኳ አትዪውም?"

"እሱም በሕይወት እያለ ብሎኝ አያውቅም።"

ክሎቪስ ማጭዱን አስቀምጦ ቀና አለ። መጀመሪያ የሚቆጣ መሰላት፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የፊቱ ቁጣ ሳቅ ወደሚመስል ነገር ተለወጠ።

"ታውቂያለሽ፣" አላት "እሱ ቢሆንም ልክ ይህንኑ ነበር የሚለው። በዚሁ ድምፅ። በዚሁ አፍንጫ።"

ማጭዱን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኦርፋ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ መልስ አላት፤ ለፓስተሩ አላት፣ ለቦርዱ አላት፣ በረንዳ ላይ ለሚቀመጡት ሴቶች ደግሞ የተረፈ አላት። ኮረብታውን እስክትወጣ ድረስ ለክሎቪስ የሚሆን ስትፈልግ አንድም አላገኘችም። ልጆቹ በሩ ላይ ተሰልፈው እየጠበቋት ነበር። አስገባቻቸውና ሰሌዳውን ጥርግ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ረጅም የማካፈል ሒሳብ ጻፈችባቸው። ሲጨርሱ አጠፋችና ሌላ ጻፈች።